ባሌ 88 ቤተ መቅደስ ካልዞርን አለኝ

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ፣ ከባለቤቴ ጋር ዱባይ ነው የምንኖረው። 3ኛ ዓመት ጋብቻችንን ለማክበር ለ10 ቀን ጃፓን ልንሄድ ነው። እሱ ሺኮኩ በምትባል ደሴት ላይ 88 የቡድሃ ቤተ መቅደሶች እንዳሉ ሰምቶ መኪና ተከራይተን ሁሉንም እንዙር፣ በየቦታው ማኅተም እናስመታ ይላል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። እናቴ «ጣዖት ቤት ልትገቢ ነው?» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። ምን ይሻለኛል?
ግራ የገባኝ

መልስ፦ እህቴ፣ ከእናትሽ ጋርስ አላጣላሽም። የነፍሱን ነገር የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። እኔ የምነግርሽ ከባለቤቴ ጋር ሄደን ያየነውን ነው። እኔም እንዳንቺው ነኝ። ሻማ አላበራሁም፣ ዕጣን አላጤስኩም። እነሱ ጸሎታቸውን ሲያደርሱ ጥግ ይዤ ዝም ብዬ ቆምኩ። ለምን አልሰገድሽም ያለኝ ሰው የለም።

ባለቤትሽን ግን እቆጣልሻለሁ። መንገዱ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእግር ከ40 ቀን በላይ፣ በመኪናም ወደ 10 ቀን ይፈጃል። እና በዓላችሁን እሱ መሪ ይዞ፣ አንቺ ካርታ ይዘሽ ልታሳልፉት ነው? ማኅተም ቤቱ ደግሞ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል። እኛ አንዱ ጋ 5 ደቂቃ አሳልፈን ደርሰን በሩን አይተን ተመልሰናል። የአንዱ ማኅተም ዋጋም በአውሮፓውያኑ 2024 ከ300 ወደ 500 የን ወጥቷል፤ በ88 ስታባዢው 44,000 የን ነው። ደግሞስ ማኅተሙ ጸሎት ላደረሰ ሰው የሚሰጥ ምስክር ነው። ጸሎት ሳላደርስ ምስክሩን መውሰድ ከነከነኝና ማኅተሙ የሚመታበትን መዝገብ ሳንገዛ ቀረን። ባለቤቴ እስካሁን ያኮርፈኛል።

ይልቅ አንዱን በደንብ እዩ። እኔ የምመርጥልሽ 23ኛውን፣ ያኩኦጂን ነው። ሂዋሳ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው ያለው። እዚያው ደሴት ላይ ካለችው ከቶኩሺማ ከተማ በባቡር 2 ሰዓት አይሞላም፤ ከጣቢያው በእግር ትደርሳላችሁ። ለባልና ሚስት የሚሆነው በደረጃው ምክንያት ነው። መጀመሪያ 33 የሴቶች ደረጃ፣ ከዚያ 42 የወንዶች። በእነሱ ልማድ ሴት በ33፣ ወንድ በ42 ዓመቱ ክፉ ዕድሜ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ በየደረጃው አንዳንድ የን እያስቀመጡ ይወጣሉ። የአንድ የን ሳንቲም አሉሚኒየም ነው፤ ክብደቱ 1 ግራም ብቻ። እኛ የሄድን ቀን አካፍቶ ስለነበር ሳንቲሞቹ ድንጋዩ ላይ ልክ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተለጥፈዋል። ላለመርገጥ በእግሬ ጣት ነው የወጣሁት።

የወንዶቹ ደረጃ ላይ አንዲት አሮጊት ባለቤቴን ዕድሜውን ጠየቁት። በስልኩ አስተርጉሞ 41 አላቸው። በጣታቸው ቆጠሩና «42!» አሉ። በድሮው አቆጣጠር ሰው ሲወለድ የ1 ዓመት ነው፤ ከዚያ አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር አንድ ይጨመርለታል። ሰውየው ቀጥ አለ! እኛ ራሳችን ከፈረንጅ አቆጣጠር ጋር ስንታገል የኖርን ሰዎች፣ ሦስተኛ ዕድሜ ተጨመረልን። አሮጊቷ ከቦርሳቸው ሁለት መንደሪን አውጥተው ዘረጉለት። እሱ በሐበሻ ይሉኝታ «ኧረ አይገባም» እያለ እጁን አወናጨፈ። እጅጌውን ጎተትኩት። ይህ ኦሴታይ ይባላል፤ ለተጓዥ የሚሰጥ ስጦታ ነው። ሰጪው በረከት አገኝበታለሁ ብሎ ስለሚሰጥ አይመለስም። ጉርሻ መመለስ ማለት ነው፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። በሁለት እጁ ተቀብሎ እጅ ነሳ።

መንገደኛ መሆናችንን ያወቁት በዘንጋችን ይመስለኛል። 1ኛው ቤተ መቅደስ ዘንግ ገዝተን ነበር። ላዩ ላይ «ሁለት ሆኖ መጓዝ» የሚል ጽሑፍ አለበት። ባለቤቴ ለባልና ሚስት የተሠራ መስሎት ደስ ብሎት ነበር። ኋላ ስንሰማ ሁለቱ መንገደኛውና ኮቦ ዳይሺ ናቸው፤ ጉዞው በስሙ የሚደረግለት፣ እዚያው ደሴት ተወልዶ በአውሮፓውያኑ ከ774 እስከ 835 የኖረው መነኩሴ። ዘንጉን እንደ እሱ ነው የሚቆጥሩት። ማደሪያ ስትደርሱ ከእግራችሁ በፊት የዘንጉ ጫፍ ይታጠባል። ድልድይ ላይ ደግሞ መሬት አይመታበትም፤ መነኩሴው አንድ ሌሊት ድልድይ ሥር አድሯል ስለሚባል፣ ከተኛ እንዳይቀሰቀስ ነው። እኔ ይህቺን ስለወደድኳት ድልድይ ሳይ አሁንም ጃንጥላዬን አነሳለሁ።

ስለ ሥርዓቱ ብዙ አትጨነቂ። በሩ ላይ እጅ ንሱ፣ ውኃው ጋ እጃችሁን ታጠቡ። ደወል የሚደወለው ሲገባ ነው፤ ሲወጡ መደወል ገደ ቢስ ነው ይላሉ።

ማደሩን ከደሴቲቱ ውጭ፣ ኮያ ተራራ ላይ ካሉት ገዳማት አንዱ ጋ አድርጉት። የኮቦ ዳይሺ መካነ መቃብር እዚያ ነው፤ ከኦሳካ በባቡር ይኬዳል። የገዳሙ ምግብ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የለበትም። ለእናትሽ የጾም ምግብ በላሁ ብትያት አትዋሺም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ስለሌለው ባልሽ ያጉረመርማል፤ ሚጥሚጣ ያዢለት። ክፍላችሁ አንድ ሊሆን ይችላል፣ መታጠቢያው ግን የወንድና የሴት ተብሎ የተለየ ነው፤ ገላሽን እዚያው ከሌሎች ሴቶች ጋር ራቁትሽን ነው የምትታጠቢው። እኔ አፍሬ ሁሉም እስኪወጡ ጠበቅኩ፤ ስገባ ውኃው አሁንም ያቃጥል ነበር።

ሂዋሳ የምትሄዱ ቀን ገና ከባቡር ስትወርዱ የመመለሻውን ሰዓት ስልክሽ ላይ ፎቶ አንሺው። በየ10 ደቂቃው የሚመጣ ባቡር አይደለም።