የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ አውሮፓን በባቡር

ሰመር ሲቃረብ የሚመጡልን ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ናቸው፣ ፓስ (አንዴ ተከፍሎበት በብዙ ባቡር የሚያስሄደውን) ልግዛ ወይስ ቲኬት ቲኬቱን? ለዚህ ወር አራት መርጠናል፣ የመጀመሪያው ላይ ረዘም ያልነው የብዙዎቻችሁ ጥያቄ እሱ ውስጥ ስላለ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው፣ እኔና ባለቤቴ ከሁለት ልጆቻችን ጋር (6 እና 9 ዓመታቸው ነው)። ኦገስት ላይ የሦስት ሳምንት ፈቃድ አለንና ስዊዘርላንድን፣ ጣሊያንን፣ ከዛ ቪየናን በባቡር ለማየት አስበናል። አንድ ጓደኛዬ ግን ኢንተርሬል መግዛት የሚችለው የአውሮፓ ፓስፖርት ያለው ብቻ ነው አለችኝ፣ የኛ የኢትዮጵያ ነው። እውነት ነው? ደሞስ ያዋጣል?

መልስ፦ አይደለም እህታችን። ኢንተርሬል ማለት ለአውሮፓ ነዋሪዎች የሚሸጠው የባቡር ፓስ ነው፣ የሚያየው የምትኖሩበትን አገር ነው፣ ጀርመን ውስጥ ሕጋዊ ነዋሪ እስከሆናችሁ ድረስ በኢትዮጵያ ፓስፖርትም ይሸጥላችኋል።

ያዋጣል ወይ ላልሽው፣ ልጆች ስላሉ ወደ አዎ ያደላል። ከ4 እስከ 11 ዓመት ያለ ልጅ ከአዋቂ ጋር ከሆነ ፓሱ ነፃ ነው፣ ለአንድ አዋቂ እስከ ሁለት ልጅ ይፈቀዳል፣ ማለት አራት ሆናችሁ ሄዳችሁ የሁለት ሰው ነው የምትከፍሉት። ግን ነፃ ነው ተብሎ ዝም አይባልም፣ የልጆቹም ፓስ ከናንተው ጋር አብሮ መታዘዝ አለበት። ሦስት ሳምንት ነው ብላችሁ በየቀኑ የሚሰራውን ውዱን ፓስ እንዳትገዙ፣ በ1 ወር ውስጥ 7 የጉዞ ቀን የሚለው ይበቃል፣ ከልጆች ጋር በየቀኑ ባቡር ላይ የሚውል ሰው እረፍት ላይ ሳይሆን ስራ ላይ ነው ያለው። ደሞ በምትኖሩበት አገር ፓሱ የሚሰራው ለመውጣት አንዴ ለመመለስ አንዴ ብቻ ስለሆነ፣ በመሃል ሽቱትጋርት ዘመድ ልጠይቅ ምናምን ካላችሁ እሱ ለብቻው ቲኬት ይቆረጥለታል።

ሰው የሚሸወደው ሪዘርቬሽን ላይ ነው። ፓስ ስላለኝ ዝም ብዬ እገባለሁ የሚባለው ነገር ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ስዊዘርላንድ፣ ቤልጅየም ላይ ባብዛኛው ይሰራል፣ ጣሊያን ፈጣን ባቡር ላይ፣ ፈረንሳይ ቴጄቬ የሚባለው ፈጣን ባቡር ላይ፣ ስፔንና የሌሊት ባቡሮች ላይ ግን አይሰራም፣ ወንበር በተጨማሪ ገንዘብ መያዝ ግዴታ ነው። ፍሬቻሮሳ የሚባለው የጣሊያን ፈጣን ባቡር ሪዘርቬሽኑ በሰው ከ10 ዩሮ በላይ ነው፣ ልጆቹም ወንበር ስለሚይዙ ይከፍላሉ፣ ስለዚህ ሚላን ሮም አንድ ጉዞ ብቻ ከ40 ዩሮ በላይ ሄደ ማለት ነው። ኢታሎ የሚባለው ቀዩ ባቡር ደሞ ፓስ ጭራሽ አይቀበልም፣ በዛው ጣቢያ በዛው መስመር ስለሚሄድ ብዙ ሰው ተሳስቶ ይገባበታል። ጣሊያን ውስጥ ክልላዊ የሚባሉት ቀርፋፋ ባቡሮች ሪዘርቬሽን የላቸውም፣ ፍሎረንስ ሮም በፈጣኑ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ በቀርፋፋው ከሦስት ሰዓት ያልፋል፣ ከልጆች ጋር የትኛው እንደሚሻል እናንተ ታውቃላችሁ።

ወደ ጣሊያን ስትወርዱ እኛን ካማከራችሁን በጎትሃርድ ዋሻ አትሂዱ። ዋሻው 57 ኪሎ ሜትር ነው፣ በ2016 የተከፈተ ትልቅ ሥራ ነው፣ ምህንድስናውን እናደንቃለን፣ ለተሳፋሪ ግን ጨለማ ነው። ይልቅ ከስዊዘርላንዷ ኩር ከተማ ተነስታችሁ በበርኒና መስመር ድንበሩ አጠገብ ወዳለችው የጣሊያን ከተማ ቲራኖ ውረዱ። ባቡሩ እስከ 2253 ሜትር ይወጣል፣ የበረዶ ግግሩ በመስኮት ይታያል፣ መስመሩ ከ2008 ጀምሮ የዩኔስኮ ቅርስ ነው፣ አራት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። በርኒና ኤክስፕረስ የሚባለው ባለ ትልቅ መስኮቱ ባቡር ሪዘርቬሽን ያስከፍላል፣ ግን በዛው ሐዲድ ላይ ተራው የአካባቢው ባቡር ያለ ሪዘርቬሽን በፓሳችሁ ይሄዳል፣ እንደውም መስኮቱ ስለሚከፈት ፎቶ ለሚወድ ሰው እሱ ይሻላል። ከቲራኖ ሚላን ተራ ባቡር አለ።

ከሮም ቪየና ናይትጄት በሚባለው የሌሊት ባቡር ሂዱ፣ አልጋ ያለውን ክፍል ሙሉውን ለቤተሰባችሁ መያዝ ይቻላል፣ ኦገስት ስለሆነ ግን ሽያጩ እንደተከፈተ ያዙ። ከእኩለ ሌሊት በፊት ተሳፍራችሁ ሳትቀይሩ ጠዋት ከወረዳችሁ የሚቆጠርባችሁ የተሳፈራችሁበት ቀን ብቻ ነው፣ የሆቴልም አንድ ሌሊት ይተርፋል። እና ባቡር ከመሳፈራችሁ በፊት ጉዞውን የፓሱ የስልክ አፕ ላይ ማስገባት አትርሱ፣ ተቆጣጣሪው ሲመጣ እየነካካሁ ነው ማለት አያድንም።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው የምጽፈው። የአሜሪካ ፓስፖርት አለኝ። እናቴ ከአዲስ አበባ በሸንገን ቪዛ ፓሪስ ትመጣለች፣ እኔም እዛ አገኛታለሁ፣ ከዛ በባቡር ለንደን አክስቴ ጋር ደርሰን ተመልሰን ሮም መሄድ ነው ሐሳባችን። 68 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል።

መልስ፦ ባቡሩን ተወውና መጀመሪያ የእናትህን ቪዛ አውጥተህ እይ። ሲንግል ኢንትሪ (አንዴ ብቻ የሚያስገባ) ከሆነ ለንደን ከሄዱ በኋላ ወደ ፓሪስ መመለስ አይችሉም፣ እንግሊዝ ሸንገን ውስጥ ስለሌለች ወጡ ይባላል፣ አለቀ። መልቲፕል ቢሆን እንኳ የእንግሊዝ ቪዛ ለብቻው ያስፈልጋቸዋል፣ ላንተም ኢቲኤ የሚባል በኦንላይን የሚሞላ የእንግሊዝ መግቢያ ፈቃድ አለ። ቪዛው ሲንግል ከሆነ አክስትህ ፓሪስ ይምጡ፣ ዩሮስታር (የለንደንና የፓሪሱ ባቡር) እሳቸውንም ያመጣል።

ሁለታችሁም ነዋሪነታችሁ ከአውሮፓ ውጭ ስለሆነ የናንተ ፓስ ዩሬይል ነው፣ ግን ለሁለት ለሦስት ጉዞ ፓስ አያስፈልግም፣ ቲኬቱን ቀደም ብለህ ቁረጥ፣ የፈጣን ባቡር ዋጋ እንደ አውሮፕላን ነው፣ ቀኑ ሲደርስ ይወደዳል። ለጉልበታቸው ጣቢያ ላይ ድጋፍ የሚሰጥ ሰው በነፃ ይመደባል፣ ከ24 ሰዓት በፊት ማሳወቅ ብቻ ነው፣ ዊልቸርም መወጣጫም ያመጣሉ፣ እናቶቻችን ደሞ እኔ ደህና ነኝ እያሉ እምቢ ስለሚሉ ሳትጠይቃቸው አስመዝግብ። ፓሪስ ጣቢያዋ ብዙ ነው፣ የለንደኑ ባቡር ጋር ዱ ኖር ነው፣ ወደ ጣሊያን የሚሄደው ጋር ደ ሊዮን፣ በመሃል ታክሲ ያዝ። ሰዓቱን ስትነግራቸውም ተጠንቀቅ፣ ቲኬት ላይ 14:00 ማለት በሳቸው አቆጣጠር 8 ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ ሙኒክ ነኝ፣ ሰማያዊው የስደተኛ ፓስፖርት አለኝ፣ ጣሊያንና ስዊዘርላንድ በባቡር መሄድ እችላለሁ? ድንበር ላይ ፍተሻ የለም ይላሉ።

መልስ፦ ትችላለህ፣ መኖሪያ ፈቃድህ ካልተቃጠለ ሸንገን ውስጥ በ180 ቀን 90 ቀን ድረስ መጎብኘት ይፈቀዳል፣ ስዊዘርላንድም ሸንገን ውስጥ ናት። ፍተሻ የለም የሚለውን ግን አትመን፣ ጀርመን ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ላይ ቁጥጥር ጀምራለች፣ ፖሊስ ባቡር ውስጥ እየገባ ያያል። ሰማያዊውን ፓስፖርትም ካርዱንም ዋናውን ያዝ፣ የስልክ ፎቶ ወረቀት አይሆንም። ካርድህ እድሳት ላይ ከሆነ ቲኬት ከመቁረጥህ በፊት የውጭ ዜጎች ቢሮ ጠይቅ። የጥገኝነት ጉዳያቸው ገና በሂደት ላይ ያለ ጓደኞች ካሉህ አብረውህ እንዳይወጡ፣ የነሱ ወረቀት ለዚህ አይሰራም።

ጥያቄ፦ ባቡሩ ዘግይቶ ቀጣዩ ቢያመልጠኝ ቲኬቴ ተቃጠለ ማለት ነው?

መልስ፦ እንዴት እንደገዛሽው ይወሰናል። ሁሉም በአንድ ቲኬት ከሆነ ኩባንያው በሌላ ባቡር ያደርስሻል፣ ለየብቻ ቆራርጠሽ ከገዛሽ ግን ሁለተኛው ባቡር ስለ መጀመሪያው አይመለከተኝም ሊልሽ ይችላል። በአውሮፓ ሕብረት ሕግ 60 ደቂቃና ከዛ በላይ ከዘገየ የዋጋውን 25 በመቶ፣ ከ120 ደቂቃ ጀምሮ 50 በመቶ መጠየቅ ትችያለሽ፣ ጎርፍ ምናምን ከሆነ ምክንያቱ ላይከፍሉ ይችላሉ። ባቡር ለመቀየር ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተይ፣ ጀርመን ውስጥ ከሆነ አንድ ሰዓት ብትይውም አልበዛም። የቀኑን የመጨረሻ ባቡር ደሞ በፍፁም ቀጣይ አታድርጊው።