የልጅ ልጄ በአይሁድ አረጋውያን መኖሪያ ለምን በነጻ ታገለግላለች?

ጥያቄ፦ እኅቴ፣ ሰላምታዬ ይድረስሽ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የምትኖር የ16 ዓመት የልጅ ልጅ አለችኝ። ዓርብ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የአይሁድ አረጋውያን ወደሚኖሩበት ግቢ ሄዳ ያለ ደመወዝ ታገለግላለች። እናቷ «ትምህርት ቤቱ ያዘዘው ሰዓት አልቋል፤ እሷ ግን አልተውም ብላለች» ትለኛለች። ሽማግሌዎቹን ልያቸው ብዬ ፎቶ ብጠይቃት «አይፈቀድም፣ እማማ» አለችኝ። ቤት የተጋገረ ዳቦ እንኳ ይዞ መግባት ክልክል ነው አሉ። ምን የሚደበቅ ነገር ቢኖር ነው? ሃይማኖቷንስ ያስለውጧት ይሆን? ደግሞስ ልጆች እያሏቸው ሽማግሌዎች በሚጣሉበት ቤት የእኔ ልጅ ምን ልትማር ነው?
ከደሴ፣ ሸዋ በር

መልስ፦ እናቴ፣ እኔ የወረባቦ ልጅ ነኝ። እዚያው ሜሪላንድ፣ እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ በነርስነት ሠርቼ ነው ወደ አገሬ የተመለስኩት። ስለዚህ የምጽፍልዎ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ስለ ሃይማኖቷ ይረጋጉ። አይሁድ ሌላውን ሰው ወደ እምነታቸው ለማስገባት አይሰብኩም። ልግባ ብሎ የሚለምናቸውን እንኳ ረቢዎቻቸው ደጋግመው ይፈትኑታል እንጂ አይቸኩሉለትም። እኔ ማዕተቤን እንዳሰርኩ ስሠራ ለምን ያለኝ የለም። እንዲያውም አንዲት አሮጊት የእኛ ፋሲካ የሚውልበትን ቀን ጠይቀው በቀን መቁጠሪያቸው ላይ ይጽፉ ነበር፤ ዕለቱ ሲደርስ እንኳን አደረሰሽ ለማለት።

ዳቦውን በተመለከተ፣ የወሎ ሰው ሆነው ይህ አይቸግርዎትም። የአባቴ ወገን እስላም፣ የእናቴ ወገን ክርስቲያን ነው። በቤታችን ድግስ ሲኖር የእስላሙ ሥጋ በእስላም እጅ ይታረዳል፣ በተለየ ድስት ይሠራል፣ ጭልፋው እንኳ አይዋዋስም። በዚያ ግቢ ወጥ ቤትም ጥንቃቄው እንደዚያ ነው። ሥጋና ወተት አይገናኙም፤ ለሥጋ የዋለ ሳህን ለወተት አይውልም። አሳማና ግመል አይበላም፤ ዓሣም ክንፍና ቅርፊት ያለው ብቻ ይበላል። ከውጭ የመጣ ዳቦ በምን ዕቃ እንደተቦካ፣ ምን ቅባት እንደገባበት ስለማይታወቅ በር ላይ ይቀራል። ነዋሪው ሁሉ ሕጉን እኩል ይጠብቃል ማለቴ አይደለም፤ ወጥ ቤቱ ግን ለሚጠብቀው ሰው ተብሎ ይጠነቀቃል።

ፎቶውን ስለከለከለችዎ አይቀየሟት። በአሜሪካ የሕሙማንን ምስጢር የሚጠብቅ ሕግ በ1996 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወጥቷል፤ እንዲህ ያሉ ቤቶችም በጎ ፈቃደኛውን ገና ሲቀበሉት የማንንም ፎቶና የሕመም ታሪክ እንዳያወጣ ያስጠነቅቁታል። ልጅቱ ለምትወዳት አያቷ እንኳ እንቢ ማለቷ የታመነች መሆኗን ያሳያል።

በሜሪላንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ ለመመረቅ በአብዛኛው 75 ሰዓት ማኅበረሰቡን ማገልገል ይጠበቅበታል። እናቷ አልቋል ያለችው እሱን ነው። ከዚያ በኋላ የምትሄደው በራሷ ፈቃድ ነው፤ ዓርብን መምረጧም ጥሩ ነው። ሰንበታቸው ዓርብ ማታ ይገባል፤ ሻማ የሚበራው በአብዛኛው ፀሐይ ከመጥለቋ 18 ደቂቃ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ሕጉን የሚጠብቅ ሰው እሳት አይነካም፣ መብራት አያበራም፣ አይጽፍም። አሳንሰሩ እንኳ ማንም ሳይነካው በየፎቁ እየቆመ እንዲሄድ የሚደረግበት ቤት አለ። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እጅ የሚያጥርበት ሰዓት ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ያሉትን ወደ ጸሎት አዳራሽ የሚገፋ፣ በትልልቅ ፊደል የታተመውን የጸሎት መጽሐፍ የሚያድል፣ እሳት ስለሚያሰጋ በየክፍሉ የኤሌክትሪክ ሻማ የሚያስቀምጥ ሰው ይፈለጋል።

«የሚጣሉበት» ያሉት ቃል ግን አሳዝኖኛል። ልጆቹ በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ የሚሉለት ሽማግሌ አለ፤ አልደብቅዎትም። መስኮት መስኮት ሲያይ የሚውለውን አይቻለሁ፣ አብሬው አልቅሻለሁም። ነገር ግን እዚያ ግቢ የሚያገለግለው ከውጭ የመጣው ብቻ ነው ብለው አያስቡ። ነዋሪዎቹ እርስ በርስ ያገለግላሉ። ልብስ ሰፊ የነበሩት የጎረቤቶቻቸውን የወለቀ ቁልፍ ይተክላሉ። ዓይናቸው የጠፋው የዓርቡን ጨርቅ በእጃቸው እየዳሰሱ ያጥፋሉ። አዲስ ሰው ሲመጣ በሩን አንኳኩተው የመጀመሪያውን ራት አብረውት የሚበሉ ሰዎች ተመድበዋል። በሕሙማን ማረፊያው ደግሞ የነዋሪዎች ጉባኤ አለ፤ ይህ መብታቸው በ1987 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በወጣው የአሜሪካ ሕግ ተጽፏል። ሾርባው ቀዘቀዘ ብለው አስተዳዳሪውን ሲያፋጥጡት አይቻለሁ።

የሒሳብ መምህር የነበሩ አንድ አዛውንት ለዜግነት ፈተና የምንዘጋጀውን ሠራተኞች ያስጠኑን ነበር። በዚያን ጊዜ 100 ጥያቄ ይጠናል፣ ከዚያ ውስጥ እስከ 10 ይጠየቃል፣ 6 የመለሰ ያልፋል። እሳቸው ግን መቶውንም ካልመለስን አይለቁንም። ጠዋት መድኃኒታቸውን ይዤ ስገባ ከመዋጣቸው በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ ካልመለስኩ መድኃኒቱ ይጠብቃል። ባለፍኩ ዕለት ከእኔ ይልቅ የተደሰቱት እሳቸው ናቸው። ሰው የሚፈልገው ሥራ ያለው ሽማግሌ ጠዋት ልብሱን ለብሶ ይጠብቃል፤ ይህን በየቀኑ አይቻለሁ። በሽተኛ መጠየቅም በእምነታቸው ግዴታ ነው፤ የጥንት ሊቃውንቶቻቸው በሽተኛን የጠየቀ ከሕመሙ 60ኛውን እጅ ይወስድለታል ብለዋል። ስለዚህ ጎረቤት ከአልጋ ሲውል ምርኩዝ ይዞ የሚጠይቀውም ሽማግሌው ነው።

አንድ ነገር ልጅቱ እንድታውቅ እፈልጋለሁ። ከነዋሪዎቹ አንዳንዶቹ 6 ሚሊዮን አይሁድ ካለቁበት ከናዚዎች እልቂት በልጅነታቸው የተረፉ ናቸው። እልቂቱ ያበቃው በ1945 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቢሆንም ዛሬም ዳቦ ከገበታ አንስተው መሳቢያ ውስጥ የሚሸሽጉ አሉ። አዲስ ሠራተኛ ሊጥለው ሲል ይንቀጠቀጣሉ። እኔ መሳቢያውን ስከፍት ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ፤ ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ የተረፈችው አክስቴ የእንጀራ ፍርፋሪ በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥር ነበርና። ልጅቱ እንዲህ ያለ ነገር ካየች አትሳቅ፣ አትጠይቅም። ራሳቸው መናገር ከጀመሩ ተቀምጣ ትስማ። እርስዎም የ66ቱንና የ77ቱን ዘመን ያዩ ከሆነ በስልክ ይንገሯት፤ ከመጽሐፍ የማታገኘው ነው።

ከሁሉ በላይ አደራ የምልዎ ቀኗን እንዳታጓድል ነው። ፈተና ደርሶባት የምትቀር ከሆነ አስቀድማ ትደውል። ዓርብ ትመጣለች ብሎ ፀጉሩን አበጥሮ ከአሳንሰሩ ፊት የሚቀመጥ ሰው አለ።

ስጦታ ልላክ ካሉ ደግሞ ጥሬ ቡና ይሻላል፤ ከተቆላው ይልቅ በሕጋቸው ጥያቄ አያስነሣም። ልጅቱ መጀመሪያ የበጎ ፈቃደኞቹን አስተባባሪ ታስፈቅድ፤ ጪስ ጠቋሚው ስለሚጮህ ክፍል ውስጥ አይቆላም፣ ጀበናና ስኒውም ከቤት አይሂድ። ከተፈቀደላት ቡናው ከሰንበቱ መግቢያ በፊት፣ በጊዜ ይፈላ።