ጡት ከጣለው ግልገል እስከ ሆስፒታሉ አልጋ፦ ስለ አሳማ እርባታና መድኃኒት ስለተላመዱ ባክቴሪያዎች

ባለፈው ወር መድኃኒት ስለተላመዱ ባክቴሪያዎች ከጻፍኩ በኋላ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የአሳማ እርባታን የሚመለከቱ ናቸው። ከደብዳቤዎቹ ሁሉ አምስቱን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምሠራው በኔዘርላንድስ በአንድ አሳማ እርባታ ነው። ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ስገባ ሥራዬን ጠየቁኝና ወዲያው ከሌሎች ሕሙማን ለይተው ለብቻዬ አስተኙኝ፤ ነርሶቹም ያለ ጓንትና ያለ ጭምብል አይጠጉኝም ነበር። መጤ በመሆኔ ይሆን ብዬ እጅግ አዘንኩ።

መልስ፦ ሐዘንዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን ያ ሥርዓት በአገሬው አሳማ አርቢዎች ላይም እንደዚያው ይፈጸማል። በ2004 በኔዘርላንድስ አንዲት ሕፃን ከቀዶ ሕክምና በፊት በተደረገላት ምርመራ ኤምአርኤስኤ የሚባለው፣ ብዙ መድኃኒቶችን የተላመደ ስታፊሎኮከስ የተሰኘ ባክቴሪያ ተገኘባት፤ ወላጆቿም አሳማ አርቢዎች ነበሩ። ክትትሉ ሲሰፋ ይኸው የባክቴሪያ ዝርያ በአሳማዎቹም በአርቢዎቹም አፍንጫ ውስጥ እንደሚኖር ታወቀ። ጤነኛ ሰው ተሸክሞት ምንም ሳይሰማው ሊኖር ይችላል፤ አደጋው የተከፈተ ቁስል ሲያገኝ ወይም አቅም ወደሌለው ሕመምተኛ ሲተላለፍ ነው። ወደፊት ቀጠሮ ሲይዙ ሥራዎን አስቀድመው ይናገሩና የአፍንጫ ናሙና እንዲወሰድልዎ ይጠይቁ። ከጋጣ ሲወጡ ገላዎን ታጥበው ልብስ መቀየርን፣ ቁስል ካለብዎም መሸፈንን አይተዉ።

ጥያቄ፦ ለአሳማ ግልገሎች ይህን ያህል መድኃኒት የሚሰጠው ለምንድን ነው? በተፈጥሯቸው በሽተኞች ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። ችግሩ የሚጀምረው ጡት በሚጥሉበት ዕለት ነው። የእናት አሳማ በሽታ የመከላከል አቅም በእንግዴ ልጁ አልፎ ለጽንሱ ስለማይደርሰው፣ ግልገሉ ስንቁን የሚያገኘው ከተወለደ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከሚጠባው እንገር ነው፤ ከዚያ ወዲያም ወተቱ በየቀኑ አንጀቱን ይጠብቅለታል። በተፈጥሮ አኗኗሩ ቀስ እያለ በሦስትና በአራት ወሩ ጡት የሚጥለው እንስሳ፣ በዘመናዊ እርባታ ግን በሦስትና በአራት ሳምንቱ በአንድ ቀን ከእናቱ ይነጠላል፣ ከማያውቃቸው ግልገሎች ጋር ይቀላቀላል፣ ደረቅ መኖም ይቀርብለታል። መጀመሪያ ምግብ ይተዋል፤ ሲርበው ደግሞ ያለልክ ይበላል፤ ባልተፈጨው ምግብ ላይ ኢኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ይራባና ከአንጀቱ ግድግዳ ተጣብቆ መርዝ ሲያመነጭ የሰውነቱ ውኃ ተሟጥጦ ይወጣል። ወደ ጋጣው የገባ ሰው የሚያየው ጎኑ የገባ፣ ዐይኑ የሰረጎደ፣ ጭኑ በውኃማ ተቅማጥ የራሰ ግልገል ነው፤ አንዳንዱም ማታ ደህና አምሽቶ ጠዋት ሞቶ ይገኛል።

አርቢው የታመመውን ለይቶ በመወጋት ፈንታ መድኃኒቱን በመኖና በመጠጥ ውኃ ለጋጣው በሙሉ ሲሰጥ፣ ጤነኞቹ ሳያስፈልጋቸው ይወስዳሉ፤ በጣም የታመመው ግን ስለማይበላ በቂ መጠን አይደርሰውም። ባክቴሪያ መድኃኒትን ለመላመድ ከዚህ የተመቸ ሁኔታ አያገኝም። በእኔ እምነት በዚህ መንገድ የሚሰጥ መድኃኒት የሚሸፍነው የአያያዝን ጉድለት ነው። ከሕክምናው ሌላ፣ መድኃኒቱ እንስሳው ቶሎ እንዲወፍር ከመኖ ጋር ይሰጥ ነበር፤ ስዊድን ለዚህ ለማወፈሪያ መጠቀምን በ1986 ስትከለክል፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2006 ተከተላት። ዴንማርክ በ1990ዎቹ አጋማሽ የእንስሳት ሐኪሞች ከመድኃኒት ሽያጭ የሚያገኙትን ትርፍ ገደበች፤ በ2010 ደግሞ ከወሰኑ በላይ መድኃኒት ለሚጠቀም እርባታ «ቢጫ ካርድ» መስጠት ጀመረች። ግልገሉን ዘግይቶ ጡት ማስጣል፣ እናቲቱን መከተብ፣ ጋጣውንም በየዙሩ ባዶ አድርጎ ማጠብና ማድረቅ የመድኃኒቱን ፍላጎት ይቀንሳሉ።

ጥያቄ፦ እኛ አሳማ አንበላም። ታዲያ ጉዳዩ ምናችን ነው?

መልስ፦ ኮሊስቲን ለዚህ ጥያቄ በቂ ምላሽ ነው። ይህ አሮጌ መድኃኒት ኩላሊት ስለሚጎዳ ለሰው መስጠቱ ቀርቶ ነበር፤ ሌላው ሁሉ አልሠራ ሲል ግን ሐኪሞች ለመጨረሻ መጠጊያ መለሱት። በዚያው ጊዜ በቻይና ለአሳማ ማወፈሪያ በሺዎች ቶን ይቀርብ ነበር። በ2015 የቻይና ተመራማሪዎች ኮሊስቲንን የሚያከሽፍ ኤምሲአር-1 የተባለ ዘረመል በአሳማዎች፣ በሥጋና በሕሙማን ላይ እንዳገኙ አስታወቁ። ዘረመሉ የተቀመጠው ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው በቀላሉ በሚሻገር፣ ፕላስሚድ በተባለ ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ላይ ስለሆነ፣ ብዙም ሳይቆይ በበርካታ አገሮች ተገኘ። የሚጓዘውም በሥጋ ብቻ ሳይሆን በፍግ፣ በውኃና በመንገደኛ አንጀት ጭምር ነው። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያስታመመ ቤተሰብ የነገሩን ክብደት ያውቀዋል። ደስ የሚለው፣ ቻይና በ2017 ኮሊስቲንን ከመኖ ካወጣች በኋላ ዘረመሉ በአሳማዎችም በሰዎችም ላይ ቀንሶ መታየቱ ነው።

ጥያቄ፦ ማብሰል ባክቴሪያውን ይገድላል?

መልስ፦ አዎ፣ ሥጋው እስከ መካከሉ በደንብ ከበሰለ መድኃኒት የተላመደውም ያልተላመደውም እኩል ይሞታል። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበትን ቢላና መክተፊያ ሳያጥቡ ሰላጣ ማዘጋጀት ግን ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ ቢሾፍቱ ውስጥ አምስት ላሞች አሉኝ። የአንዷ ጡት ሲያብጥ ኦክሲቴትራሳይክሊን ገዝቼ ራሴ እወጋታለሁ፤ ሲሻላት አቆማለሁ። ጥፋት አለው?

መልስ፦ አለው፤ በአሳማው ጋጣ የሚሆነው በእርስዎም በረት ይሆናል። የጡት በሽታ አምጪዎች ብዙ ስለሆኑ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ፣ ለስንት ቀንም እንደሚሰጥ የእንስሳት ሐኪም ይወስንልዎ። የታመመችውን ላም ከሁሉም በኋላ ይለቧት፤ ከእርሷ በኋላም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። በመድኃኒቱ ብልቃጥ ላይ የተጻፈው፣ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ወተቱ የማይሸጥበት የመቆያ ቀን እስኪያልፍ ወተቱን አይሽጡ፣ ለጥጃም አይስጡ። የሸጡላቸው ደንበኛ «ወተቱ እርጎ አልሆን አለኝ» ካሉዎት፣ ወተቱ ውስጥ የቀረው መድኃኒት የሚያረጋውን ባክቴሪያ ገድሎት ሊሆን ስለሚችል፣ የዚያችን ላም ወተት ዕለቱን ከሌሎቹ ይለዩ።