የሚፈታና የሚቆረጥ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ መኪና

ጥያቄ

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፤ የምኖረው ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የተሠራች ባለ 2 ሊትር ቶዮታ ሴሊካ አለችኝ። ከጓደኞቼ ጋር በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለሌላ ተሽከርካሪ በተዘጋ ሜዳ ላይ፣ ሰዓት እየተያዘልን እንነዳለን። መኪናዋን ለማቅለል ብዬ የኋላ መቀመጫውን፣ ምንጣፉን፣ የበር ሽፋኖቹን፣ ኤሲውንና ወለሉ ላይ የተለጠፈውን የሬንጅ ንጣፍ በሙሉ አውጥቼ፣ ለነጂው ብቻ አንድ የእሽቅድምድም መቀመጫ ልገጥምላት አስቤአለሁ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ደላላ የውስጥ ዕቃውን በሙሉ ጠቅልዬ ልግዛህ ብሎኛል፤ አዲሱን መቀመጫም በዚያው ገንዘብ ለመግዛት አቅጃለሁ። በቀረው ጊዜ መኪናዋ የዕለት መጓጓዣዬ ናት፤ አዲስ አበባም እመላለስባታለሁ። ምን ላውጣ፣ ምን ልተው? ዕቃውስ በስንት ቢሸጥ ያዋጣኛል?

የሴሊካዋ ባለቤት፣ ከጅማ

መልስ

ከመጨረሻው ልጀምርና፣ ለደላላው ገና መልስ አይስጡት። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ክብደት ለመቀነስ ማሰብዎ ትክክል ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በአየሩ መሳሳት የተነሳ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ያጣል፤ ፋብሪካው 175 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈለት ሞተር እዚህ 145 ቢሰጥ ነው፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ከዚህም ይወርዳል። ይሁን እንጂ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። መኪናዎ 1,200 ኪሎ ግራም አካባቢ ትመዝናለች። የኋላ መቀመጫው ከነመደገፊያው ከ15 እስከ 20 ኪሎ፣ ምንጣፉ ከሥሩ ካለው ወፍራም ጨርቅ ጋር ከ10 እስከ 15፣ ስኮርታው ከክሪኩና ከመፍቻዎቹ ጋር ከ15 እስከ 20 ኪሎ ቢሆን፣ የተሳፋሪው መቀመጫም ወጥቶ የነጂው በቀላል ቢተካ፣ ሁሉም ተደምሮ 80 ኪሎ ይሆናል እንበል። ይህ ከጠቅላላው ክብደት 7 ከመቶ አይሞላም፤ ከፍታው የወሰደብዎትን ግማሹን እንኳ አይመልስም። በውድድሩ ቀን ከጎንዎ የሚቀመጠውን ጓደኛዎን ሜዳው ዳር ቢያወርዱት ያንኑ የሚያህል ክብደት ይቀንሳሉ፤ እሱን ለማውረድ ደግሞ መፍቻ አያስፈልግም።

ከኪሎው ብዛት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ክብደቱ የሚነሳበት ቦታ ነው። ሴሊካ በፊት ጎማ የምትጎተት፣ ሞተሯም ካምቢዮዋም ፊት ላይ ያለ መኪና ስለሆነች፣ ባዶዋንም ብትሆን ጭነቷ ወደ አፍንጫዋ ያደላል። እርስዎ ሊያወጡ ካሰቡት አብዛኛው፣ የኋላ መቀመጫውም፣ የኋላው ምንጣፍና ሽፋኑም፣ ስኮርታውም፣ የሚነሳው ከኋላ ነው። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ጭነቱ ወደ ፊት ሲሄድ፣ አስቀድሞ የቀለለው ኋላ መሬቱን ይበልጥ ይለቃል፤ ጠምዛዛ ውስጥ እግርዎን ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ በድንገት ቢያነሱ ጭራዋ ከእርስዎ ቀድማ ለመዞር ትሞክራለች። በደረቅ ሜዳ ላይ ይህን ጠባይ የለመደ ነጂ ሊጠቀምበት ይችላል። ነገር ግን ያችው መኪና በማግስቱ በዝናብ ወደ ጊቤ በረሃ የሚወርደውን ቁልቁለት የምትወርድ ከሆነ፣ ጠባይዋን ቀይረው መንገዱን ግን እንዳልቀየሩ ያስታውሱ።

ስለዚህ እኔ የውስጥ ዕቃን በመፍቻ የሚፈታና በመሮ ወይም በመጋዝ የሚቆረጥ ብዬ እለየዋለሁ። የኋላ መቀመጫ፣ ስኮርታ፣ ክሪክና የዕቃ ማስቀመጫው ንጣፍ ከመጀመሪያው ወገን ናቸው፤ በዋዜማው በግማሽ ሰዓት ተፈትተው፣ ሲመለሱ በግማሽ ሰዓት ይገጠማሉ። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ በብዙ መኪኖች የኋላ መቀመጫው ከተነሳ በኋላ በነጂውና በዕቃ ማስቀመጫው መካከል የሚቀር ነገር የለም፤ የነዳጅ ታንኩም እዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ ክፍተቱን በስስ ላሜራ መዝጋትና የነዳጅ ፓምፑ መክደኛ በደንብ መታሰሩን ማየት ያስፈልጋል።

የመቀመጫው ትራስ ብዙውን ጊዜ በፊት ጠርዙ ግራና ቀኝ በሁለት መያዣ ብቻ የተያዘ ነው፤ እጅዎን ከሥሩ አስገብተው ወደ ላይ ሲስቡት ጠቅ ብሎ ይለቃል። ባለፈው ክረምት የአንድ ሰው መኪና ላይ ይህንኑ ስናደርግ ከሥሩ ያገኘነው እፍኝ የሚሞላ ጀንፈል ቡና፣ ሁለት የአንድ ብር ሳንቲምና ሲጨመቅ ውኃ የሚያንጠባጥብ የምንጣፍ ሥር ጨርቅ ነበር። ጨርቁ ያረፈበት የወለሉ መጋጠሚያ ላይ ቀለሙ እንደ እንጀራ ዓይን ተነፋፍቶ ነበር፤ በካቻቪቴ ጫፍ ነካ ስናደርገው ረገፈ። ዝናቡ ረጅም በሆነበት በጅማ ምንጣፍ ማንሳት ከፍጥነቱ ይልቅ ለዚህ ምርመራ ይጠቅማል፤ አንዴ ካነሱት ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርገው፣ አንቲረስትና ቀለም ቀብተው፣ ጨርቁን ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቀው ይመልሱት።

የሬንጅ ንጣፉን ይተዉት። በሌላ አገር በደረቅ በረዶ (በረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) አቀዝቅዘው እንደ ሸክላ እየሰበሩ ያነሱታል፤ የደረቅ በረዶው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ስለሆነ ሬንጁ ይሰባበራል። እዚህ ያለው አማራጭ በሙቀት እያለሰለሱ በመሮ መፋቅ ነው፤ ይህም ቀለሙን አብሮ ያነሳል፤ የሚገኘውም ጥቂት ኪሎ ነው። ኤሲውንም አይንኩት፤ ክብደት እንዳለው አልክድም፣ ሆኖም በክረምት የፊት መስታወቱን ጉም ቶሎ የሚያጠራልዎት እሱ ነው። ከበሩ ሽፋን በስተጀርባ የተለጠፈው ላስቲክ ደግሞ በመስታወቱ ዳር የሚገባውን ውኃ ወደ በሩ ሥር የሚያወርድ ስለሆነ፣ አንዴ ከተቀደደ ዝናቡ ወደ ውስጥ ይገባል።

ሴሊካዎ ኤርባግ ካላት፣ መሪውንም ሆነ ከሥሩ ሽቦ ያለውን መቀመጫ ከመፍታትዎ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉና ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠብቁ። ቢጫ ሽፋን ያለውን ሽቦ በቴስተር አይለኩት፤ የወጣውን ኤርባግም ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ያስቀምጡት። የነጂውን መቀመጫ ቢቀይሩ እንኳ የፋብሪካውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ለመንገድ ያቆዩት። ለእሽቅድምድም የሚሠራው ባለ አራት ነጥብ ቀበቶ ሰውን ቀጥ አድርጎ ስለሚያስር፣ ጣሪያዋን የሚደግፍ ብረት የሌላት መኪና ብትገለበጥ ጎንበስ የማለት ዕድል አይሰጥም።

ሊብሬው ላይ የሰፈረው የሰው ብዛትና ውስጥ ያለው መቀመጫ ቢለያዩ በዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ላይ ጥያቄ እንደሚነሳ ይጠብቁ፤ መቀመጫ በቋሚነት ከማስወጣትዎ በፊት ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱን ይጠይቁ። የመድን ውልዎንም ያንብቡት፤ በውድድር ላይ የደረሰ ጉዳት ብዙውን ጊዜ ከሽፋን ውጭ ነው።

አሁን ወደ ደላላው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ፣ እንደ እርስዎ ያለች መኪና ምትክ የላትም፤ ነገ ለመሸጥ ቢያስቡ ገዢው መጀመሪያ የሚያየው ውስጧ እንደ ፋብሪካው መሆኑን ነው። እኔ ራሴ በወጣትነቴ የአንዲት ባለ ሁለት በር መኪናዬን የኋላ መቀመጫና የጎን ሽፋኖች «አያስፈልጉኝም» ብዬ ሸጥኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ መኪናዋን ሊገዛ የመጣ ሰው በሩን ከፍቶ አየና ምንም ሳይናገር መልሶ ዘጋው። ሱማሌ ተራ ሦስት ሳምንት ስመላለስ ያገኘሁት መቀመጫ ቀለሙ ሌላ ነበር፤ የከፈልኩትም ከሸጥኩበት ዋጋ በላይ ነው። ስለዚህ «በስንት ልሽጠው» ለሚለው መልሴ፣ መልሰው ለመግዛት ከሚያወጡት ባነሰ አይሽጡት የሚል ነው፤ ያን ዋጋ ለማወቅም ሁለት ሦስት ሻጮችን እንደ ገዢ ሆነው ይጠይቁ። ጠቅልሎ የሚገዛው ደላላ የሚፈልገው የፊት መቀመጫዎቹን፣ የዳሽቦርዱን ሰዓቶችና ያልተሰነጠቁትን የመሀል ፕላስቲኮች ነው፤ የቀረውን የሚወስደው ለማሟያ ነው።

እኔ ብሆን አንድ ዓመት በሚፈታው ዕቃ ብቻ እወዳደር ነበር፤ የመጀመሪያውንም ገንዘብ ለፍሬን ዘይትና ለጎማ አውል ነበር። ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 230 ዲግሪ ድረስ እንዳይፈላ ተደርጎ ይሠራል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን በ155 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል፤ ዘይቱ ደግሞ እርጥበት ከአየር ይስባል። በስድስተኛው ዙር ዘይቱ ፈልቶ የፍሬን ፔዳሉ እስከ ወለሉ የወረደበት ነጂ 80 ኪሎ መቀነሱ አያጽናናውም።

የወጣውን ዕቃ በላስቲክ ጠቅልለው ሲሚንቶ ላይ አያስቀምጡት፤ ሻጋታ ያወጣል። በአቡጀዲ ሸፍነው ቆጥ ላይ ያድርጉት፤ ቡሎኖቹንና ክሊፖቹንም ቆጥረው በትንሽ ከረጢት ከየዕቃው ጋር ይሰሩ። መጨረሻ ላይ ለመሸጥ ቢወስኑም መቀመጫን ከነሐዲዱ፣ ቀበቶን ከነመቆለፊያው ይሽጡ፤ ክሊፕ የጎደለው ሽፋን በግማሽ ዋጋ ነው የሚጠየቀው።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ለኮሮላዬ፣ ከአንዲት ከተፈታታች የስፖርት መኪና የወጡ ሁለት የፊት መቀመጫዎች ልገዛ ነው። ሻጩ «እንዲሁ ይገጥማል» ይላል። ምን ላጣራ?

ወ/ሮ ሰ.፣ ከጅማ ቆጪ

መልስ

ወይዘሮ ሰ.፣ «እንዲሁ ይገጥማል» የሚለውን ቃል በሜትር ይፈትሹት፤ በአራቱ የቡሎን ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርቀት በስፋትም በርዝመትም ይለኩ፣ ከኮሮላዎ ወለል ጋር ያመሳክሩ። አንድ ሣንቲ ሜትር ቢለያይ በያጁ አዲስ ቀዳዳ መቅደድ ሊፈልግ ይችላል፤ አይፍቀዱለት። የመቀመጫው ጎን ላይ የኤርባግ ምልክት ካለና የእርስዎ መኪና ያ ሥርዓት ከሌላት ይተዉት። የቀበቶው መቆለፊያ ከተለመደው ወደ ታች ተስቦ የቀረ፣ ወይም የቀበቶው ጨርቅ እንደ ተጎተተ ክር የተጨማደደ ከሆነ፣ ዕቃው የወጣው ለውድድር ከቀለለች መኪና ሳይሆን ከተጋጨች መኪና ነው። የሻጩን መታወቂያና ዕቃው የወጣባትን መኪና ሊብሬ ቅጂ ይጠይቁ፤ ዕቃው ካልተሰረቀ ይህን መስጠት አያስቸግረውም።

ጥያቄ

የአጎቴ ልጅ መኪናው ውስጥ፣ ብትገለበጥ ጣሪያዋን የሚደግፍ የመከላከያ ብረት ሊያስበይድ ነው። ብረት ሠራተኛው በውኃ ቧንቧ በርካሽ እሠራልሃለሁ ብሎታል። ይሆናል?

የቴክኖሎጂ ተማሪ፣ ከቂጦ ፉርዲሳ

መልስ

አይሆንም። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን በደንቡ ለዋናው ቅስት (ከነጂው ጀርባ ከወለል እስከ ጣሪያ ለሚቆመው) የሚጠይቀው በቅዝቃዜ የተሳበ፣ መገጣጠሚያ የሌለው የብረት ቱቦ ነው፤ የውጭ ዲያሜትሩም 45 ሚሊ ሜትር ሆኖ የግድግዳው ውፍረት 2.5፣ ወይም 50 ሆኖ ግድግዳው 2 ሚሊ ሜትር ነው። የተለመደው የውኃ ቧንቧ በቁመቱ የተበየደ ስፌት ስላለው ሲታጠፍም ሆነ ሲመታ በዚያ በኩል ሊከፈት ይችላል፤ በላዩ ላይ ያለው ዚንክ ደግሞ ሲበየድ ለበያጁ መርዛማ ጭስ ያወጣል። የቅስቱ እግር በቀጥታ ስስ ላሜራ ላይ ቢበየድ ወለሉን በስቶ ይወርዳል፤ ደንቡ ከእያንዳንዱ እግር ሥር ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 120 ካሬ ሣንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳህን የሚጠይቀው ለዚህ ነው። በትክክል ቢሠራ እንኳ የራስ ቁር ሳያደርግ በከተማ የሚነዳ ሰው በግጭት ጊዜ ጭንቅላቱ የሚያርፈው ብረቱ ላይ ነው። የአጎትህ ልጅ መኪናዋን ለመንገድም የሚጠቀምባት ከሆነ፣ ከራሱ አጠገብ የሚያልፈውን ቱቦ ለዚሁ በተሠራ ጠንካራ ስፖንጅ መሸፈን አለበት፤ የፍራሽ ስፖንጅ በጣት ሲጫን እንኳ ብረቱ ያገኝሃል።