ከስቅላት ፍርድ እስከ ጄኔራልነት፦ ስለ ቶማስ ማኸር የጠየቃችሁኝ

ስለ አየርላንዱ አመፀኛ፣ በኋላ የአሜሪካ ጄኔራል ስለሆነው ቶማስ ፍራንሲስ ማኸር ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የቻልኩትን እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሀብታም ልጅ ነበር ይባላል። ታዲያ ምን ጎድሎበት አመፀ?

መልስ፦ ለራሱ ምንም አልጎደለበትም። በ1823 ዋተርፎርድ ከተማ ተወለደ። አባቱ ነጋዴ፣ ኋላም የከተማዋ ከንቲባ ነበር። በ1845 ግን በእንግሊዝ ትገዛ በነበረችው አየርላንድ የድንች በሽታ ገባና ረሃቡ ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው ፈጀ። ሕዝቡ እያለቀ እህል ከአየርላንድ ወደቦች ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር። ሽማግሌዎቹ ፖለቲከኞች «በሰላማዊ መንገድ ብቻ» ሲሉ፣ ማኸር በ1846 ደብሊን ላይ ተነስቶ «እኔ ሰይፍን አላወግዝም» አለ። ገና 22 ዓመቱ ነበር።

ጥያቄ፦ ባንዲራቸውንም ያመጣው እሱ ነው?

መልስ፦ ባለ ሦስት ቀለሙን መጀመሪያ የሰቀለው እሱ ነው፤ በማርች 1848፣ እዚያው ዋተርፎርድ። አረንጓዴው ለካቶሊኩ፣ ብርቱካናማው ለፕሮቴስታንቱ፣ መሀል ያለው ነጭ ለእርቅ።

ጥያቄ፦ ሞት ተፈርዶበት እንዴት ተረፈ?

መልስ፦ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ የተነሳው የ1848ቱ አመፅ ወዲያው ከሸፈ። ማኸር ተያዘ፤ እንዲሰቀልና ሬሳው አራት ቦታ እንዲቆራረጥ ተፈረደበት። ኋላ ቅጣቱ ተሻሻለና አውስትራሊያ አጠገብ ወዳለችው ታዝማኒያ ደሴት ተጋዘ። እዚያ «አላመልጥም» ብሎ ቃሉን ስለሰጠ በተመደበለት ወረዳ እንደ ልቡ ይኖር ነበር። በጃንዋሪ 1852 ለዳኛው «ቃሌን አንስቻለሁ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ዝም ብሎ አልጠፋም። ፖሊሶቹ እስኪመጡ ጠበቀ፣ ፈረሱ ላይ ሆኖ ታያቸው፣ ከዚያ ጋለበ! አንዳንድ የስደት ጓዶቹ ሳይቀሩ «ቃል ማጠፍ ነው» ብለው አሙት። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፤ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ትቶ ነው የሄደው። ልጁ በሕፃንነቱ እዚያው ሞተ፤ አባቱን አላየም።

ጥያቄ፦ ወታደር ሳይሆን ጄኔራልነቱን ከየት አመጣው?

መልስ፦ ከአፉ። ከታዝማኒያ አምልጦ በገባባት አሜሪካ የሰሜንና የደቡብ ግዛቶች የእርስ በርስ ጦርነት ሲጀመር ሰው የመለመለ ሹመት ያገኝ ነበር፤ ማኸር ደግሞ ንግግር የተካነ ሰው ነው። በ1861 ኒውዮርክ ላይ አየርላንዳውያንን አሰባስቦ ለሰሜኑ ዘመተ። ቀጥሎ የአየርላንድ ብርጌድን አቋቋመ፣ በ1862 መጀመሪያ ብርጋዴር ጄኔራል ሆነ። ከተመልማዮቹ ብዙዎቹ «ዛሬ እዚህ ተኩስ እንማር፣ ነገ አገራችንን ነፃ እናወጣለን» ባዮች ነበሩ።

ጥያቄ፦ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ሰካራም አልነበረም እንዴ?

መልስ፦ መጠጥ ይወድ ነበር። በ1862 በአንቲተም ውጊያ ላይ ከፈረሱ ሲወድቅ ሰክሮ ነው ያሉ አሉ። እሱ ደግሞ ፈረሴ ተመትቶ ነው ብሏል። ብርጌዱ በዚያ ቀን ከ500 በላይ ሰው እንደሞተበትና እንደቆሰለበት ስታይ ግን የመጠጡ ወሬ ቀላል ይሆንብሃል።

ጥያቄ፦ የፍሬድሪክስበርግ ውጊያ ላይስ?

መልስ፦ እሱ ነው ከባዱ። ዲሴምበር 13 ቀን 1862። አረንጓዴ ባንዲራዎቻቸው ተበጣጥሰው ለመታደስ ተልከው ስለነበር፣ ማኸር ወታደሮቹ ቆባቸው ላይ ቅጠል እንዲሰኩ አዘዘ። 1,200 ያህል ሆነው በገላጣ ሜዳ ወደ ኮረብታው ወጡ። ከላይ በድንጋይ ካብ የተከለለ የደቡብ ጦር ይጠብቃቸዋል፤ ከካቡ ጀርባ ካሉት ውስጥም አየርላንዳውያን ነበሩ። 545 ሰው ሞተ፣ ቆሰለ ወይም ጠፋ። ማኸር ጉልበቱን ታሞ ስለነበር እስከ መጨረሻው አብሯቸው አልሄደም፤ ጠላቶቹም ይህን አልማሩትም። ትእዛዙ የበላዮቹ እንጂ የእሱ አልነበረም። ቢሆንም በንግግሩ ያመጣቸው እሱ ነው፤ ከዚህ ነፃ ላደርገው አልችልም። ብርጌዱ ሲመነምን አዲስ ሰው ልመልምል ቢል ተከለከለ፤ በሜይ 1863 ለቀቀ።

ጥያቄ፦ ማን ገደለው?

መልስ፦ ከጦርነቱ በኋላ በአሜሪካ ምዕራብ የሞንታና ግዛት ተጠባባቂ አገረ ገዥ ነበር፤ ጠላት ደግሞ ሞልቶታል። በጁላይ 1 ቀን 1867 ሌሊት ፎርት ቤንተን ላይ ከእንፋሎት ጀልባ ሚዙሪ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። ሬሳው አልተገኘም። ከዓመታት በኋላ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ያለ ሰው መጣና መልሶ ካደ። ማኸር ያን ሰሞን ታሞ ነበር፤ ጨለማም ነው። እኔ ለአደጋው አደላለሁ።