የሠርግ ቀሚሴን በራሴ እሰፋለሁ ለምትሉ፦ ጥያቄና መልስ ከደሴዋ ሰፊ ጋር

እንደምን አመሻችሁ። የጥር ሠርግ እየቀረበ ጥያቄው ስለበዛ ዛሬ ማታ የቻልኩትን እመልሳለሁ። እንደምታውቁት የስፌት ቤት የለኝም፤ ከሥራ መልስ ማታ ማታ የምሰፋ ሰው ነኝ። የራሴን የሠርግ ቀሚስ፣ ከዚያም የሁለት እህቶቼን ሰፍቻለሁ። ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ሸማ ሳይታጠብ መቀስ አይንካው።

ጠያቂ ከኮምቦልቻ፦ እትዬ፣ ለሠርጌ ሸማኔ ጋ ጨርቅ አሠርቻለሁ፤ ጥለቱ ከታች ነው። እናቴ ግን ከታጠበ ውበቱ ይጠፋል ትላለች። ሳላጥብ ብሰፋውስ?

መልስ፦ እንኳንም ጠየቅሽ። የደረሰብኝን ልንገርሽ። የራሴን ቀሚስ ሳላጥብ ነበር የቆረጥኩት፤ ልክክ ብሎልኝ ነበር። ሠርጉ አምስት ቀን ሲቀረው ወጥ ነካውና አጠብኩት። ሲደርቅ ቁመቱ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ቀረ፣ ደረቱም አልዘጋ አለ። እያለቀስኩ ወገቡን ተርትሬ ሌላ ጨርቅ ቀጠልኩበት።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ሸማኔው ድሩን ወጥሮ ነው የሚሠራው። ውሃ ሲነካው ውጥረቱ ይለቃል፣ ክሩም ይሰበሰባል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው፤ ሁለቱ እኩል አይሰበሰቡም። ስለዚህ ቁመቱንና ወርዱን ለየብቻ ማወቅ አለብሽ። ከትርፉ 20 በ20 ሴንቲ ቁረጪና የትኛው ጎን ድር እንደሆነ ምልክት አድርጊበት። እጠቢው፣ አድርቂው፣ ተኩሺው፣ ከዚያ ለኪው። ጨርቁ ስንት እንደሚሰበሰብ ያን ጊዜ ታውቂያለሽ።

እናትሽም ያለ ምክንያት አልፈሩም፤ ጥለት ቀለም ሊለቅ ይችላል። ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ ጥለቱ ላይ ጫን አድርጊ። ቀለም ከያዘ እንዳትዘፈዝፊው፤ ለሸማኔው አሳዪው። ካልያዘ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው፣ ሳትጨምቂ አውጪውና ጥላ ላይ አስጪው። እርጥበቱ ጨርሶ ሳይለቀው በጀርባው በኩል ተኩሺው። ጥለቱ የሚያብረቀርቅ ክር ካለበት ካውያው ለብ ያለ ይሁን፤ ያ ክር ይቀልጣል።

ሌላም ልጨምር። ቁመቱ ቢረዝምብሽ ከታች እንዳትቆርጪ፣ ጥለቱ ይሄዳል። የጥለት ቀሚስ የሚያጥረው ከወገቡ ነው። ላይኛውንና ታችኛውን ለየብቻ ቆርጠሽ ወገብ ላይ የምታገናኚውም ለዚሁ ነው።

ጠያቂ ከሐይቅ፦ ቬሎ ስንት ሜትር ይፈጃል?

መልስ፦ ምን ዓይነት ቬሎ? ወርዱ ስንት የሆነ ጨርቅ? ይህን ሳትነግሪኝ ቁጥር ብጠራልሽ ገንዘብሽን አባክንብሻለሁ።

ጠያቂ ከሐይቅ፦ ይቅርታ እትዬ። ሳቲን ነው፣ ወርዱ 150። ሙሉ ክብ ቀሚስ ነው የምፈልገው። ወገቤ 70፣ ከወገብ እስከ መሬት 105።

መልስ፦ እንዲህ ጠይቁኝ። 70ን ለ6.28 ስታካፍዪው 11 ገደማ ይመጣል፤ የወገብሽ ክብ ከመሃሉ እስከ ዳሩ ይህን ያህል ነው። 105 ስትጨምሪበት 116 ሆነ። ሙሉው ክብ ከዳር እስከ ዳር 232 ስለሚሆን በ150 ወርድ አንድ ላይ አይወጣም፤ ሁለት ግማሽ ክብ ትቆርጫለሽ። እያንዳንዱ 2 ሜትር ከ32 ቁመት ይበላል። ሁለቱ 4 ሜትር ከ64፤ ከስፌቱ ጋር 5 ሜትር ያዢ። ላይኛውና ፎደራው ለብቻ ነው።

ሳቲን ብርሃን ሲያርፍበት አቅጣጫው ይታያል፤ ሁሉንም ቁራጭ ወደ አንድ አቅጣጫ ቁረጪ። ስፒል ምልክት ይተውበታል፣ ስፌቱ ከሚያልፍበት መስመር ውጪ ብቻ ውጊ። ቀሚሱን ሰቅለሽ አንድ ሙሉ ቀን ተዪው፤ ክብ ቀሚስ በሰያፍ የተቆረጠው ጎኑ ይረግባል። ታቹን የምታስተካክዪው ከረገበ በኋላ ነው፣ ያውም የሠርጉን ጫማ አድርገሽ።

ጠያቂ ከደሴ፦ ጨርቅ የት ይሻላል?

መልስ፦ ፒያሳ ዞሪ፣ በእጅሽ ዳስሺ።

ጠያቂ ከወልዲያ፦ ጀማሪ ነኝ፤ ምን ዓይነት መኪና ልግዛ?

አባል ከኮምቦልቻ፦ የኤሌክትሪኩን ግዢ፣ ዚግዛግ አለው፣ ጊዜ ይቆጥባል።

አባል ከደሴ፦ መብራት ሲጠፋስ? የእናቴ የእግር ሲንጀር ጨለማ አያስቆመውም፣ በፋኖስም ሰፍተንበታል።

አባል ከኮምቦልቻ፦ በእግር መኪና ሳቲን ሲሳብ አላየሽም መሰል። እኔ ክሩ እየተበጠሰ ሁለት ሌሊት አባክኛለሁ።

አባል ከደሴ፦ መርፌሽ ዶልዱሞ ይሆናል እንጂ መኪናው ምን አደረገሽ?

መልስ፦ በቃ፣ እህቶቼ። በሁለቱም የሠርግ ልብስ ይሰፋል። የደሴዋ ስለ መርፌው ያለችው ልክ ነው፤ ለሠርግ ልብስ አዲስ መርፌ አስገቡ። ለሳሳ ሸማና ለሳቲን ቁጥር 11 ይበቃል፣ ለወፍራሙ 14። መኪና ከመግዛትሽ በፊት፣ የወልዲያዋ፣ የጎረቤት ተዋሺና አንድ የትራስ ልብስ ስፊ።

ጠያቂ ከከሚሴ፦ ለኒካዬ ባለ ረጅም እጅጌ ዳንቴል እየሰፋሁ ነው። ክንዴን ሳጥፍ ይጠብበኛል።

መልስ፦ ማሻአላህ። የእጅጌ ቁመት የሚለካው ክንድ ታጥፎ ነው፤ ከትከሻ በክርን ዞሮ እስከ አንጓ። ክርንሽንም አጥፈሽ ዙሪያውን ለኪና 3 ሴንቲ ጨምሪ። ዳንቴሉን ገና ካልቆረጥሽው መጀመሪያ በአቡጀዲ ስፊው፤ አቡጀዲ ቢበላሽ አያሳዝንም። ሁላችሁንም ነው የምለው፦ አቡጀዲ ሳትሰፉ ዋናውን ጨርቅ አትንኩ።

ጠያቂ ከደሴ፦ የሸማ ጨርቅ ገዝቻለሁ፤ ማጠብ ግዴታ ነው?

መልስ፦ ከላይ አንብቢ። ግዴታ ነው።

ጠያቂ ከደሴ (ወንድ)፦ ለእጮኛዬ ሳታውቅ ልሰፋላት አስቤ ነበር።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐሳብህ ደስ ይላል፤ ግን ሳትለካ አይሆንም። ቀሚሱን ተወውና ነጠላ አሠራላት፣ ነጠላ ልክ አይፈልግም።

ጠያቂ ከባቲ፦ የሸማው ጠርዝ ስፌቱ ውስጥ ይተረተርብኛል። ኦቨርሎክ (ጠርዝ የሚቋጨው መኪና) የለኝም።

መልስ፦ ኦቨርሎክ አያስፈልግሽም፤ እንዲያውም ለሳሳ ሸማ ይሄኛው ያምራል። ሁለቱን ጨርቅ ጀርባ ለጀርባ ገጥመሽ በግማሽ ሴንቲ ስፊ። ትርፉን ወደ 3 ሚሊ ሜትር አሳጥሪው። ገልብጠሽ ፊት ለፊት ግጠሚውና ተኩሺው፣ ከዚያ በ7 ሚሊ ሜትር ድገሚው። የተተረተረው ጠርዝ ሁለቱ ስፌት መካከል ተዘግቶ ይቀራል፤ በብርሃን ሲታይም ውስጡ ንጹሕ ነው። ስትቆርጪ ለየጎኑ 1.2 ሴንቲ መተው አትርሺ። ግን ታጥቧል?

ጠያቂ ከባቲ፦ አልታጠበም።

መልስ፦ ተቆርጧል?

ጠያቂ ከባቲ፦ እጅጌው ብቻ።

መልስ፦ አብሽሪ። የቀረውን ዛሬውኑ እጠቢ። እጅጌውንም እጠቢው፤ ካነሰ ጫፉ ላይ ጥለት ትቀጥዪበታለሽ።

አባል ከወልዲያ፦ ደሴ ብርድ ነው፣ ሸማ ብቻውን ለጥር ማታ አይበቃም። ቬሎ ይሻላል።

አባል ከኮምቦልቻ፦ ቬሎው ደግሞ ያሞቃል እንዴ? ትከሻው ባዶ!

መልስ፦ ወደዚህ አንግባ። ለደሴ ሸማውን ከጥጥ ፎደራ ጋር ስፉት፣ ለመልስ ደግሞ ካባው ይደረባል። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለ ስለሆነ ይሞቃል፣ ፎደራው ከወገብ በታች ብቻ ይበቃል።

ጠያቂ ከኮምቦልቻ፦ እትዬ፣ ቁራጯን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ተኩሼ ለካኋት። ቁመቱ 18 ተኩል፣ ወርዱ 19 ተኩል ሆነ። ለታችኛው ያሠራሁት ቁመቱ 120 ነው። ከወገቤ እስከ መሬት 102 ነኝ።

መልስ፦ ጎበዝ። ከ20 ላይ አንድ ተኩል ሄደ፤ 120ው ሲታጠብ 111 ይሆናል። ለአንቺ ከወገብ ስፌቱ ጋር 105 ይበቃሻል፣ 6 ሴንቲ ይተርፋል። ጥለቱ ቀለም ካልለቀቀ ነገ ጠዋት ዘፍዝፊው።