ሕዋስ ይከፈላል፣ ይከፋፈላል ወይስ ይካፈላል?

ጥያቄ፦ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። በክፍል ማስታወሻ ላይ «የሰው ሕዋስ ሲያድግ ይከፋፈላል፤ ሁለቱ ልጅ ሕዋሳትም ያሉትን 46 ክሮሞዞሞች ተካፍለው ይወርሳሉ» ብዬ ጽፌ ነበር። በፈተና ብዙዎቹ ተማሪዎች «እያንዳንዱ ልጅ ሕዋስ 23 ክሮሞዞም ይደርሰዋል» ብለው መለሱ። ስህተቱ የእነሱ ነው ወይስ የአማርኛው? «ተከፈለ»፣ «ተከፋፈለ»፣ «ተካፈለ»፣ «ተባዛ» የሚሉትን እንዴት ለይቼ ልጠቀምባቸው?

መልስ፦ ተማሪዎቹ የተጻፈላቸውን አማርኛ በትክክል አንብበዋል። «ተካፈሉ» ሲባል ያለው ነገር በድርሻ ተቆርሶ ሄደ ማለት ነው፤ በሒሳብም 46 ለ2 ሲካፈል 23 ነው። በተራ የአካል ሕዋስ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም። ክሮሞዞሙ (የዘር መረጃ የተጻፈበት ዲኤንኤ የተጠቀለለበት ዘንግ) አስቀድሞ ይቀዳል፣ ከዚያ አንድ አንድ ቅጂ ወደ ሕዋሱ ሁለት ዳሮች ይሄዳል፣ እያንዳንዱ ልጅ ሕዋስም እናቱ የነበራትን ያህል 46 ይዞ ይወጣል። ከማስታወሻው የጎደለው «ይቀዳል» የሚለው ግስ ነው። እሱ ከሌለ የቀረው ዓረፍተ ነገር የቱንም ያህል ቢታረም ተማሪውን ወደ 23 መውሰዱ አይቀርም።

ግሶቹን በየተራ እንያቸው። «ተከፈለ» አንድ ጊዜ የተፈጸመ ነገር ይናገራል፤ አንዱ ሕዋስ ለሁለት ተከፈለ፣ አለቀ። «ለሁለት» የሚለውን አይተዉት፤ «ሕዋሱ ይከፈላል» ብቻውን ሲቆም ደመወዝ ያለው ያስመስለዋል። «ተከፋፈለ» ደግሞ እንደ «ተቆራረጠ» እና «ተሰባበረ» መደጋገምን ወይም ብዛትን ያመለክታል። ስለዚህ የዳበረው እንቁላል በተደጋጋሚ ተከፋፍሎ በሦስተኛው ቀን ገደማ ስምንት ሕዋስ ያህል ይሆናል ማለት ትክክል ነው፤ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እየሆነ ሦስት ጊዜ ተከፍሏልና። ይኸው ግስ ባለቤቱ ብዙ ሲሆንና ተሳቢ ሲከተለው ግን ትርጉሙ ይዞራል። «ወንድማማቾቹ ርስቱን ተከፋፈሉ» እና «ርስቱን ተካፈሉ» እዚህ ላይ አንድ ናቸው። «ሕዋሱ ተከፋፈለ» ብለው ቢጽፉ ጉዳት የለውም፤ «ሕዋሳቱ ክሮሞዞሞቹን ተከፋፈሉ» ካሉ ግን ወደዚያው ወደ 23 ተመለሱ። ለስሙ «የሕዋስ ክፍፍል» የሚለው የለመደ ስለሆነ ሌላ መፍጠር አያስፈልግም።

«ሲያድግ ይከፋፈላል» የሚለው ሐረግም ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን አንድ አድርጓቸዋል። ማደግ የመጠን ነው፤ ሕዋሱ ፕሮቲን እየሠራ፣ ውኃና ሌላ ነገር ወደ ውስጥ እያስገባ ይተልቃል። መከፈል የቁጥር ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሌላውን ይከተላል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ከላይ ያልነው የዳበረ እንቁላል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲከፋፈል ምንም አያድግም፤ አጠቃላይ መጠኑ እንዳለ ሆኖ ሕዋሳቱ እየቀጨጩ ይሄዳሉ። በተቃራኒው ጡንቻ በስፖርት ሲዳብር በአብዛኛው ያሉት ሕዋሳት ይወፍራሉ እንጂ ቁጥራቸው አይጨምርም። ስለ ካንሰርም ስንጽፍ ዕጢው ያድጋል፣ ሕዋሳቱ ይበዛሉ ብንል ነገሩ ይጠራል። «የካንሰር ሕዋስ በፍጥነት ያድጋል» የሚለው አነጋገር አንዷ ሕዋስ እየተነፋች የምትሄድ ያስመስላል።

አሁን ወደ መቅዳቱ። ብዙ ጽሑፍ ላይ «ዲኤንኤ ይባዛል» ይላል፤ ስህተት አይደለም፤ ፈተና በማባዣ ማሽን ሲባዛ የምንለውም ይኸው ነው። አስቸጋሪነቱ ሕዋሱም «ይባዛል» መባሉ ነው። በአንድ ገጽ ላይ ዲኤንኤውም ሕዋሱም ከተባዙ ተማሪው የትኛው እንደቀደመ አያውቅም። ስለዚህ ለዲኤንኤ «ይቀዳል» እና «ቅጂ»፣ ለሕዋሱ «ይበዛል» ወይም «ይባዛል» ቢሉ ይሻላል። አር ኤን ኤ (የዲኤንኤውን መልእክት ፕሮቲን ወደሚሠራበት ቦታ የሚያደርሰው ሞለኪውል) ከዲኤንኤ ላይ ሲሠራ «ይገለበጣል»፣ ከዚያ ፕሮቲን ሲሠራ «ይተረጎማል» ካሉ ሦስቱ ሥራዎች ሦስት የተለያዩ ግሶች ያገኛሉ።

«ቅጂ» የሚለው ቃል አንድ ነገር ይደብቃል። በወረቀት ዓለም ዋናው መዝገብ ቤት ይቀራል፣ ቅጂው ይሄዳል። ዲኤንኤ እንደዚያ አይደለም። ድርብ ክሩ ተፈትቶ በእያንዳንዱ አሮጌ ክር ላይ አዲስ ክር ይሠራል፤ ስለዚህ ሁለቱም ውጤቶች እኩል አሮጌና አዲስ ናቸው። ይህን ተመራማሪዎቹ ሜሴልሰንና ስታል በ1958 እ.ኤ.አ. በባክቴሪያ ላይ አሳይተዋል። «ዋናው ለየትኛው ልጅ ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ካለ መልሱ «ለሁለቱም ግማሽ ግማሹ» ነው። ግማሽ የሚለው ቃል በትክክል የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ክሮሞዞም ሲቆጠር አይደለም።

ይህ ሁሉ መቅዳት የሚደረገው ሕዋሱ መከፈል ከመጀመሩ በፊት፣ «የእረፍት ጊዜ» እየተባለ በሚጠራው ወቅት ነው። ይህን ስያሜ እንዲተዉት እመክራለሁ። በቤተ ሙከራ በየ24 ሰዓቱ ገደማ የሚከፈል የሰው ሕዋስ ቢወስዱ፣ ክሮሞዞሞቹ በማይክሮስኮፕ ወፍረው የሚታዩበትና የሚለያዩበት ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ዲኤንኤውን መቅዳት ብቻውን ስምንት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ያረፈ የሚመስለው ሕዋስ ስድስት ቢሊዮን ጥንድ የዲኤንኤ ፊደል እየቀዳ ነው። «የዝግጅት ጊዜ» ቢባል ከእውነቱ ጋር ይስማማል።

ከግሶቹ ይልቅ ብዙ ጥፋት ያየሁት ግን «ጥንድ» በሚለው ስም ላይ ነው። ክሮሞዞም በሁለት ዓይነት መንገድ ሁለት ሁለት ይሆናል፤ አማርኛችን ለሁለቱም «ጥንድ» ይላል። አንደኛው ከአባት የመጣውና ከእናት የመጣው አቻው ነው፤ ሰው 23 እንዲህ ያለ ጥንድ አለው። ሁለተኛው ከመቀዳት በኋላ ወገባቸው ላይ፣ ሴንትሮሜር በሚባለው ቦታ፣ ተያይዘው የሚታዩት ሁለት ቅጂዎች፣ ክሮማቲዶቹ ናቸው። የመጀመሪያውን «ጥንድ»፣ ሁለተኛውን «መንታ» ብንል ችግሩ ይፈታል። ጥንዶቹ እንደ ጥማድ በሬ ናቸው፤ አንድ ሥራ ይሠራሉ፣ ግን ከአንድ ላም መወለድ ግድ የላቸውም፣ ቀለማቸውም ሊለያይ ይችላል። መንታዎቹ ግን ፊደል በፊደል አንድ ናቸው፤ በመቅዳት ላይ ከተፈጠረ ስህተት በቀር፣ እሱም ከታረመ በኋላ ከቢሊዮን ፊደል አንድ ያህል ነው።

ስሞቹ ከተለዩ ቆጠራው ይቀላል። የሚቆጠረው ወገቡ ነው፤ መንታዎቹ እስከተያያዙ ድረስ አንድ ክሮሞዞም ናቸው። ከመቀዳቱ በፊት 46 ክሮሞዞም፣ 46 የዲኤንኤ ድርብ ክር። ከተቀዳ በኋላ ክሮሞዞሙ አሁንም 46 ነው፣ ድርብ ክሩ ግን 92 ሆኗል። መንታዎቹ ሲላቀቁ ለጥቂት ደቂቃ በአንዱ ሕዋስ ውስጥ 92 ክሮሞዞም ይኖራል፤ ሕዋሱ ለሁለት ሲከፈል በእያንዳንዱ ልጅ 46። ማስታወሻዎም እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «ሕዋሱ ዲኤንኤውን አንድ ጊዜ ይቀዳል፤ መንታዎቹ ተላቅቀው ወደየዳሩ ይሄዳሉ፤ ሕዋሱ ለሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ልጅ ሕዋስ እንደ እናቱ 46 ክሮሞዞም ይኖረዋል።» «ሴት ልጅ ሕዋስ» ብለው የሚጽፉም አሉ፤ «ልጅ ሕዋስ» ይበቃል።

«ተካፈለ» ቦታ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። የእንቁላልና የወንድ ዘር ሕዋሳት ሲሠሩ መቅዳቱ አንድ ጊዜ፣ መከፈሉ ግን ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ዙር የሚለያዩት ጥንዶቹ ናቸው፤ መንታዎቹ እንደተያያዙ ይቆያሉ። እዚህ ሁለቱ ሕዋሳት ጥንዶቹን በእርግጥ ይካፈላሉ፤ ለእያንዳንዱ 23 ይደርሰዋል። በሁለተኛው ዙር መንታዎቹ ይላቀቃሉ፤ ቁጥሩ 23 እንደሆነ ይቀራል። «ጥንድ ይለያያል፣ መንታ ይላቀቃል» ብለው ሁለቱን ግሶች ቢያጸኑ፣ ብልሽቱንም ለመግለጽ ቀላል ይሆናል። 21ኛው ጥንድ ሳይለያይ ወይም መንታው ሳይላቀቅ ወደ አንዱ እንቁላል አብሮ ከሄደ፣ ከዚያ የሚጸነሰው ልጅ 21ኛው ክሮሞዞም ሦስት ይሆንበታል፣ በጠቅላላው 47። ዳውን ሲንድሮም በአብዛኛው የሚመጣው እንዲህ ነው።

ለልምምድ የሰው 46 ለሥዕል ይበዛል። የገብስ 14፣ የሽንኩርት 16 ነው። «የገብስ የሥር ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ለእያንዳንዱ ስንት?» 14። «የገብስ የእንቁላል ሕዋስስ?» 7። ጤፍ 40፣ የአረቢካ ቡና 44 ስለሆነ ለጎበዞቹ ያቆዩአቸው።

ስለ «ሕዋስ» አጻጻፍ በአጭሩ፦ በግዕዙ በ«ሕ» ነው፤ «አምስቱ የስሜት ሕዋሳት» የምንለው ቃል ነው። በ«ህ» መጻፉ ዛሬ የተለመደ ነው፤ አንዱን መርጠው ይጽኑበት። ብዙ ቁጥሩ «ሕዋሳት» ወይም «ሕዋሶች» ነው፤ «ሕዋሳቶች» ግን ብዙውን ደግሞ ያበዛዋል። የፓርቲ ሕዋስም አለ፤ የእሱ መከፋፈል ሌላ አምድ ይፈልጋል።

የቀረው «ይወርሳሉ» ነው። ለሕዋስ ክፍፍል ባልጠቀምበት እመርጣለሁ፤ «ውርስ» ሲባል መካፈልና ድርሻ አብሮ ይታሰባልና። ከወላጅ ወደ ልጅ ለሚሄደው ግን «በዘር ይተላለፋል» የለመደ ነው። «ይተላለፋል» ብቻውን አይቁም፤ ስለ በሽታ ሲሆን ሰው በእጅ መጨባበጥ የሚይዝ ይመስለዋል። «የዘረመል በሽታ» እና «በዘር የሚተላለፍ በሽታ»ም አንድ አይደሉም። በሳንባ ሕዋስ ዲኤንኤ ላይ በሲጋራ ጭስ የደረሰ ለውጥ የዘረመል ለውጥ ነው፤ ከዚያ ሕዋስ ወደሚከፈሉት ሁሉ ይቀዳል፣ ካንሰርም ሊሆን ይችላል፤ በእንቁላል ወይም በወንድ ዘር ውስጥ ስለሌለ ግን ለልጅ አይተላለፍም።